ትኩሳቱ ሰው ላይ፣ ምንጩ መንጋው ውስጥ፦ ብሩሴሎሲስ በአርብቶ አደሮች ዘንድ

በቦረና፣ በአፋር፣ በሶማሌና በደቡብ ኦሞ ቆላማ አካባቢዎች ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ አርብቶ አደር በመጀመሪያ የሚመረመረው ለወባ ነው። ከወባ ነጻ ሆኖ ከተገኘ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ነው ተብሎ መድኃኒት ይታዘዝለትና ይሸኛል። ትኩሳቱም ለጊዜው ይበርድለታል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ከሌሊት ላብ፣ ከወገብ ሕመምና ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እየተመላለሱ ከሚታከሙት ሰዎች መካከል ቀላል የማይባሉት ሕመማቸው ብሩሴሎሲስ ነው። ብሩሴሎሲስ ከላም፣ ከፍየል፣ ከበግና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ብሩሴላ በሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚመጣ በሽታ ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዚህ ጽሑፍ ለሚቀርበው ሐሳብ ሁሉ መሠረት ነው። አንድ ሰው በብሩሴሎሲስ ታመመ ማለት በአቅራቢያው የታመመ እንስሳ አለ ማለት ነውና፣ ሰውየውን ብቻ አክሞ መሸኘት ወደዚያው መንጋና ወደዚያው ወተት መልሶ መላክ ነው።

የበሽታው የጥናት ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ በማልታ ደሴት በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። በሽታውን የሚያመጣው ነገር ታወቀ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ለ18 ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1905 የማልታ ተወላጁ ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ፍጹም ጤናማ የሚመስሉት የደሴቲቱ ፍየሎች የበሽታው ተሸካሚዎች መሆናቸውን አረጋገጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የፍየል ወተት ለጦሩ እንዳይቀርብ ሲከለከልም በወታደሮቹ ዘንድ በሽታው ወዲያውኑ ቀነሰ። የደሴቲቱ ነዋሪ ግን ሌላ ወተት ስላልነበረው የፍየሉን ወተት መጠጣቱን ቀጠለ፤ መታመሙንም ለብዙ ዓመታት አላቋረጠም። ዛሬ ለአርብቶ አደሩ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት አንጻር መመዘን አለበት፤ ወታደሩ በትእዛዝ ከወተቱ ሊለይ ይችላል፣ ኑሮው በወተቱ ላይ የቆመ ቤተሰብ ግን አይችልም።

በመንጋ ውስጥ በሽታው ራሱን የሚገልጠው በአብዛኛው በመጨንገፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ላም በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ትጨነግፋለች፤ የእንግዴ ልጁም ሳይወርድ ይዘገያል። በአንዳንድ ከብቶች ላይ ደግሞ የፊት ጉልበት ያብጣል። ይህን ሁሉ ከአርብቶ አደሩ በላይ አስተውሎ የሚያይ የለም። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ የጨነገፉ ላሞች አብዛኞቹ ቀጣዩን ጥጃ በደህና ይወልዳሉ፣ ይታለባሉ፣ በሽታው የለቀቃቸው ይመስላሉ። ባክቴሪያው ግን በጡታቸውና በዙሪያው ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወተቱ ጋር ይወጣል፤ ሲወልዱም ከሽርት ውሃውና ከእንግዴ ልጁ ጋር መሬት ላይ ይፈስሳል። በግመል ላይ ምልክቱ ከዚህም የደበዘዘ ነው። ስለዚህ አርብቶ አደሩ የጨነገፈችውን ሲያዝንላት፣ ለመንጋውም ለቤተሰቡም ይበልጥ የምታሰጋው ከአንድ ዓመት በፊት ጨንግፋ አሁን ሙሉ ጡት ይዛ የምትገባው ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም የብሩሴላ ዓይነቶች በሰው ላይ እኩል አይከፉም። ላሞችን በዋናነት የሚያጠቃው ብሩሴላ አቦርተስ የሚባለው ሲሆን፣ ፍየልና በግን የሚያጠቃው ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ ነው፤ ግመል ሁለቱንም ከሌሎቹ እንስሳት ሊወስድ ይችላል። ለሰው የከፋው ሜሊቴንሲስ ነው፤ በብዛት የሚያሳምመውም፣ ሕመሙን የሚያጸናውም እርሱ ነው። በአገራችንም በአፋር ክልል ከጨነገፉ ፍየሎች በተወሰደ ናሙና ይኸው ዓይነት በላቦራቶሪ ተለይቶ ተረጋግጧል። ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው በብዙ የአርብቶ አደር አካባቢዎች መንጋው ከላም ወደ ፍየልና ግመል እያደላ መምጣቱ ነው። የቦረና ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በከብቱ የሚታወቅ ነው፤ ባለፉት አሠርት ዓመታት ግን የግጦሽ መሬቱ በቁጥቋጦ ሲዋጥና ድርቁ ሲደጋገም ብዙዎች ቅጠል በልተው ድርቅን የሚቋቋሙትን ፍየልና ግመል ማርባት ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ያለቁት በብዛት ከብቶች ነበሩ። ከድርቁ በኋላ መንጋውን መልሶ ለመተካት የሚገዛው፣ የሚዋሰውና የሚሰጠው እንስሳ ከየት እንደመጣ፣ ጨንግፎ ያውቅ እንደሆነ አይጠየቅም።

በዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። በቦረና ከብቱ ያለቀበትን ወገን ጎሳው እንስሳ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው ሥርዓት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የምትታለብ ላም በውሰት የሚሰጥበት ልማድ፣ በጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ዙሪያ የብዙ ባለቤቶች መንጋ በተራ ውሃ የሚጠጣበት ደንብ፣ ሕዝቡን ከስንት ድርቅ ያሻገሩ ናቸው። የበሽታ መተላለፊያ ስለሆኑ ይቅሩ ማለት አላዋቂነትም ጭካኔም ነው። ይልቁንም ለቡሳ ጎኖፋ የሚዋጣ እንስሳ ከመሰጠቱ በፊት ደሙ የሚመረመርበት፣ ወይም የተከተበ ጥጃና ግልገል ተመርጦ የሚሰጥበት አገልግሎት ለሥርዓቱ ቢቀርብለት ሥርዓቱ ራሱ የመከላከያ መንገድ ይሆናል። የዕርዳታ ድርጅቶችና መንግሥት ከድርቅ በኋላ ገዝተው የሚያከፋፍሏቸው ፍየሎች ግን ሳይመረመሩ መታደላቸው ምንም ዓይነት ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም።

ወደ ሰው የሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ጥሬ ወተትና የወሊድ ፈሳሽ። ስለ ወተቱ ብዙ ይነገራል። ስለ ወሊዱ ግን የሚነገረው ከሚገባው በታች ነው። አንዲት የጨነገፈች ፍየል የምትጥለው የእንግዴ ልጅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ሲሆን፣ ሰውን ለማሳመም በትንፋሽ የገቡ ከ10 እስከ 100 የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ብቻ ሊበቁ ይችላሉ። ፍየሏን በባዶ እጁ የሚያዋልድ እረኛ፣ የዘገየውን የእንግዴ ልጅ ጎትቶ የሚያወጣ አባት፣ ሌሊቱን ግልገሎቹ በሚያድሩበት ጎጆ የሚተኙ ልጆች፣ በረቱን የምትጠርግ እናት ሁሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የተጣለው ሽል ለውሻ ከተተወ ደግሞ ውሻው እየጎተተ መሬቱን ሁሉ ይበክላል፤ ጥላና እርጥበት ባለበት ቦታ ባክቴሪያው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ማን በየትኛው መንገድ እንደሚያዝ የሚወስነው የሥራ ክፍፍሉ ነው፤ ላምና ፍየል በአብዛኛው የሚያልቡት ሴቶች ሲሆኑ፣ በሶማሌና በአፋር ዘንድ ግመል ማለብ የወንዶችና የወጣቶች ሥራ ነው።

ወተቱ ይፈላ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ባክቴሪያው ወተት ሲፈላ፣ በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ ሲሞቅ እንኳ ይሞታል። ነገር ግን ምክሩ ብቻውን ለብዙ ዓመታት ተነግሮ ብዙ ለውጥ ያላመጣበትን ምክንያት ማየት ይገባል። የግመል ወተት ሲፈላ ጣዕሙም መድኃኒትነቱም ይጠፋል የሚለው እምነት በሶማሌና በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ከእምነቱ በላይ ግን ኑሮው አለ፤ ግመል ይዘው ራቅ ወዳለ ግጦሽ የሄዱ ወጣቶች ለሳምንታት የሚኖሩት ከግመሉ ጡት በቀጥታ በሚታለብ ወተት ነው፤ ድስትም፣ ውሃም፣ ብዙ ጊዜም ማገዶ የላቸውም። በመንደር ያለች እናትም ጠዋትና ማታ የምታልበውን ሁሉ ለማፍላት ተጨማሪ እንጨት መልቀም አለባት። የወተት ዕቃውን በእንጨት ጭስ ማጠን ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱንም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ በወተቱ ውስጥ ያለውን ብሩሴላ ለመግደል ግን አይበቃም። እርጎም ቢሆን የሚያስተማምነው በደንብ ከኮመጠጠ በኋላ ነው፤ ትናንት ታልቦ ዛሬ የሚጠጣ ገና ለጋ እርጎ ከጥሬ ወተት ብዙም አይሻልም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁሉንም ወተት ሁልጊዜ አፍሉ ከሚሉ ይልቅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠው እንዲፈላ፣ በቅርቡ የጨነገፈች እንስሳ ወተት ደግሞ ለማንም በጥሬው እንዳይሰጥ ቢመክሩ የበለጠ ተሰሚ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ። የሻይ ወተት መፍላቱ ለማንም እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ምክሩን ከዚያ መጀመር ይቻላል።

በሰው ላይ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይጀምራል። ገዳይነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሳይታከሙ ከሚቀሩት መካከል እንኳ የሚሞቱት ከመቶ ሁለት አይበልጡም፤ የሚሞቱትም በብዛት ባክቴሪያው የልብ ክዳኖችን ሲያጠቃ ነው። ይህ ዝቅተኛ የሞት ቁጥር በሽታውን ከበጀትና ከትኩረት ውጭ አድርጎታል። ነገር ግን የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ሰው ከጥልቅ ኤላ ውሃ እየተቀባበለ ሊያወጣ አይችልም፤ ጉልበቱና ዳሌው የታመመ እረኛ መንጋውን ተከትሎ ሊጓዝ አይችልም፤ የወንዱ ዘር ፍሬ ያብጣል፣ ነፍሰ ጡሯ ልታስወርድ ትችላለች፣ ድካሙና የመንፈስ ጭንቀቱም ለወራት ይቆያል። ኑሮው ሁሉ በእግሩና በክንዱ ለሆነ ቤተሰብ ይህ የአንድ ሰው ሕመም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ምን ያህል ሰው እንደተያዘ በትክክል ለመናገር የሚያስችል አገራዊ ቁጥር የለም፤ የየጥናቱ ውጤትም እንደተመረመረው ሰውና እንደተጠቀሙበት የምርመራ ዓይነት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በትኩሳት ወደ ጤና ተቋም የመጡ ሰዎችን መርምሮ በቦረናና በሐመር ከሦስት ታካሚ ለአንድ በተጠጋ መጠን ብሩሴሎሲስን ሲያገኝ፣ በመተማ ግን ያገኘው በመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር። ይህ የታማሚዎች እንጂ የጠቅላላው ሕዝብ መጠን አይደለም፤ ነገር ግን በአንዳንድ አካባቢዎች ትኩሳት ያለበትን ሰው ለወባ ብቻ መርምሮ መሸኘት ምን ያህል እንደሚያሳስት በቂ ማሳያ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ የኖረው በዓመት 500 ሺህ አዲስ ታማሚ የሚለው ቁጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ግምት ግን ከ1.6 እስከ 2.1 ሚሊዮን አድርሶታል።

ምርመራው የራሱ ወጥመድ አለው። በኬንያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በጤና ተቋማት በስፋት የሚሠራበት አንድ ፈጣን ምርመራ በሽታው አለባቸው ካላቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ፣ በተሻለ ምርመራ ሲታዩ በሽታው እንዳልነበረባቸው አሳይቷል። ስለዚህ አደጋው ሁለት ጎን አለው፤ በአንድ በኩል ምርመራ በሌለበት ታማሚው ሳይታወቅ ይቀራል፣ በሌላ በኩል ደካማ ምርመራ ባለበት ያልታመመው ለስድስት ሳምንት መድኃኒት ይወስዳል፣ እውነተኛ ሕመሙም ሳይታከም ይቆያል። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ምርመራ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይደርሳል፣ የእንስሳት ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ቆይተዋል። በአንድ ወረዳ የእንስሳት ክሊኒኩ የሚጠቀምበትን ይህን ምርመራ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ጤና ጣቢያ ሳያገኘው መቅረቱ ከገንዘብ ይልቅ የአሠራር ችግር ነው።

ሕክምናውም ለተንቀሳቃሽ ሕይወት አይመችም። የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክረው የኖረው ሕክምና ዶክሲሳይክሊንን ለስድስት ሳምንት ከሪፋምፒሲን ጋር፣ ወይም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሚወጋ ስትሬፕቶማይሲን ጋር አጣምሮ መውሰድ ነው። መርፌው ያለበት ሕክምና በሽታውን እንዳያገረሽ በመከላከል የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ለመወጋት ጤና ጣቢያ አጠገብ መቆየትን ይጠይቃል፣ መንጋውም አይጠብቅም። ክኒኑን በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሲበርድ የሚያቋርጥ ብዙ ነው፤ በሽታውም ያገረሽበታል። ሌላም ነገር አለ፤ ሪፋምፒሲን የሳንባ ነቀርሳ ዋና መድኃኒት ነው። የጀርባ አጥንት ብሩሴሎሲስ ከጀርባ አጥንት ነቀርሳ ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ ለሌላው ሊታከም ይችላል፤ የነቀርሳው መድኃኒት ብሩሴላንም በከፊል ስለሚያዳክመው ታማሚው ለጊዜው ሲሻለው የተሳሳተው ግምት ትክክል ይመስላል።

ይህን ሁሉ ስናይ ወጪው ያነሰውና ውጤቱ የጸናው መንገድ በመንጋው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። የታመመውን እየለዩ ማረድ በበለጸጉ አገሮች ሠርቷል፤ የሠራው ግን ለባለቤቱ ካሳ እየተከፈለ ነው። ካሳ በሌለበት እንዲህ ያለ እርምጃ ቢታወጅ አርብቶ አደሩ ከእንስሳት ሐኪም እንዲሸሽ ያደርገዋል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። የሚቀረው ክትባት ነው። ለሰው በስፋት የሚሰጥ ክትባት የለም፤ ለፍየልና ለበግ ግን ሬቭ 1 የሚባለው፣ ለላሞች ደግሞ ኤስ 19 እና አርቢ 51 የሚባሉት አሉ። በሞንጎሊያ እንስሳትን በጅምላ መከተብ ምን እንደሚያስገኝ ተመራማሪዎች አስልተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ የአሥር ዓመት ዘመቻ 8.3 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 26.6 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም እንደሚያስገኝ ገመቱ። የዚህ ስሌት ትልቁ ትምህርት ጥቅሙ የተከፋፈለ መሆኑ ነው፤ ወጪው ሁሉ ለጤና ዘርፉ ብቻ ቢተው አያዋጣውም፣ ከግብርናው ጋር ሲካፈሉት ግን ለሁለቱም ያዋጣል። በእኛም አገር ታማሚው በጤና ሚኒስቴር፣ ታማሚዋ ፍየል በግብርና ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ አንዱ የሚያወጣው ወጪ የሌላውን ሸክም ስለሚያቀል ማንም ቀድሞ መጀመር አይፈልግም። ብሩሴሎሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ቅድሚያ ከተሰጣቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ሆኖ ተመርጧል፤ የጋራ የክትባት በጀት ግን ከምርጫው ጋር አብሮ አልመጣም።

ክትባቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሬቭ 1 ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ ያረገዘች ፍየል ብትከተበው ልታስወርድ ትችላለች፣ ከታቢውን መርፌው ቢወጋውም ሊያሳምመው ይችላል። አንድ አርብቶ አደር ፍየሎቹ ከተከተቡ በኋላ አሥር ፍየል ቢጨነግፍበት ያ ዘመቻ በዚያ ቀበሌ ለዘለቄታው አበቃለት ማለት ነው። ፍየሎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያረግዙ ስለሆነ ከእርግዝና ውጭ የሆነ ጊዜ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያሉትን ሴት ግልገሎች በየዓመቱ መከተብ፣ ክትባቱንም በዓይን ጠብታ መስጠት ለመጀመሪያ የሚመረጥ ነው። ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በመካከሉ አንድ ዓመት ቢዘለል ብዙው ድካም ይባክናል።

እንዲህ ያለ ሥራ በአርብቶ አደር አካባቢ አይሠራም የሚል ካለ ከብት ይፈጅ የነበረውን የደስታ በሽታን (ሪንደርፔስትን) ታሪክ ማስታወስ ይበቃዋል። የመንግሥት ከታቢዎች ሊደርሱበት ባልቻሉት የአፋር ምድር ከማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት በእግራቸው እየዞሩ ሰጡ፤ በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ብሩሴሎሲስ ከዚያ ይከብዳል፤ ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ዘመቻውም ረጅም ነው። ቢሆንም እነዚያው ሠራተኞች መንጋውን አንድ በአንድ ያውቁታል። በቻድ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮች መካከል የሠሩ ተመራማሪዎች ከብቶቹ ተከትበው ሳለ ሙሉ ክትባት ያገኘ ሕፃን እንዳላገኙ ባዩ ጊዜ፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ፣ በአንድ መኪናና በአንድ የማቀዝቀዣ ሣጥን ማዳረስ ጀመሩ። በሶማሌ ክልልና በቦረናም የሰውንና የእንስሳትን አገልግሎት በአንድነት የሚሰጡ የአንድ ጤና ማዕከላት ተሞክረዋል። ለወጪ ንግድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ፍየል ከመጫኑ በፊት ደሙ ለብሩሴሎሲስ ይመረመራል፤ የእናቱን ወተት ስትጠጣ የምታድግ ሕፃን ግን ታምማ እንኳ አትመረመርም። ምርመራው ለገዢው አገር የሚቻል ከሆነ ለእርሷም ይቻላል።

ክትባቱ እስኪደራጅ ድረስ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያለበትን፣ ወባ ያልተገኘበትን አርብቶ አደር ባለፉት ወራት በመንጋው የጨነገፈ እንስሳ እንደነበረ፣ ያዋለደው ማን እንደሆነ፣ በቤቱ ሌላ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው መኖሩን መጠየቅ ደቂቃዎች ይበቁታል። መልሱ አዎን ከሆነ ደሙ ለምርመራ ይላካል፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪምም በስልክ እንዲያውቀው ይደረጋል። በአፋር መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽና ስለ እንስሳት በሽታ የሚለዋወጥበት የዳጉ ሥርዓት መጨንገፍን ከየትኛውም የመንግሥት ሪፖርት ቀድሞ ያውቃል። የሚጎድለው ያ ወሬ ሲደርስ ቀጥሎ ማን እንደሚንቀሳቀስ የተወሰነ ኃላፊነት ነው፤ እርሱም በክልሎቹ የጤናና የእንስሳት ቢሮዎች መካከል በጽሑፍ ሊሰፍር የሚችል ነገር ነው።